ያልወረደው ቡጢ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን የእግር ኳስ ልምምድ ላይ ድሮፕ ላደርጋት አውሮራ ከተማ ሜዳው ዳር ፓርክ እንዳደረግኩ፣ በመስኮቱ የጡንቻ ቅባት ሽታ ገባ። ያ አፍንጫ የሚያቃጥል ሽታ። ወዲያው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ያደግኩበት ሰፈር ሞንትቤሎ ተመለስኩ።

የሴቶች ቡድናችን አሰልጣኝ ጣሊያናዊ ነበር። አገሩ ላይ በአማካይ ተጫዋችነት ስሙ መነሳት ሲጀምር፣ አንድ ተጋጣሚው ቢተፋበት መንጋጋውን በቡጢ ሰበረው። ታገደ። ቅጣቱን ሲጨርስም የሚያስፈርመው ክለብ አጣ። ይህን ያወራን ራሱ ነው፣ የቀኝ እጁን አንጓዎች እያሻሸ። "እግሬ የሠራውን ሁሉ ይሄ እጅ አፈረሰው" ይለን ነበር።

ቶርንተን ከተማ ሄደን የተጫወትን ዕለት ሣሩ በዝናብ ረስርሶ ነበር። የተጋጣሚያችን ተከላካይ ከጅምሩ ስትረግጠን ዋለች። ዳኛው የት ነበር ትለኝ ይሆናል፤ እዚያው ነበር፣ ፊሽካውን ነክሶ። በመጨረሻ የክንፍ ተጫዋቻችንን ከኋላ መታቻት። ቅልጥሟ ሲሰበር ደረቅ እንጨት የተቀነጠሰ ነበር የመሰለኝ፤ ጩኸቷ የመጣው ቆይቶ ነው።

ከዚያ ማን ማንን እንደመታ አላውቅም። ፀጉር ተነጨ፣ ከንፈር ተሰነጠቀ። እኔ ተከላካይዋን ጥዬ ከላይዋ ሳለሁ፣ አባቷ አጥሩን ዘሎ ከኋላ አነቀኝ። ዓይኔ ጨለመ። አፌን የጭቃና የደም ጣዕም ሞላው።

እጁ ሲላላልኝ ቀና አልኩ። አሰልጣኛችን የሰውየውን ኮሌታ በግራው ጨምድዶ ቀኙን ጨብጦ አንስቷል። ያ ቡጢ ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቡጢው ግን አየር ላይ ቆመ፣ ተፈታ። ሰውየውን በሁለት እጁ አቀፈው። ሰውየው ጎኑን ደበደበው፣ በግንባሩ ገጭቶ ጥርሱን አረገፈው፤ እሱ ግን ፖሊስ እስኪደርስ አለቀቀውም። "ልጆች ናቸው፤ ልጆች ናቸው" እያለ ደም ይተፋ ነበር።

ታክሲውን አቁሞ እየሮጠ የመጣው አባቴ አንገቴን ሲያይ እንግሊዝኛው ጠፋበት። የአሰልጣኛችንን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ "ልጄን አተረፉልኝ፤ እግዚአብሔር ያክብርዎ" አለው በአማርኛ። አልገባውም፤ ግን ጎንበስ አለለት።

ቡጢ ማንሳቱ በስልክ ተቀርጾ ስለነበር፣ ሊጉ ሜዳ እንዳይገባና እንዳያሠለጥን ከለከለው። በሚቀጥለው ልምምድ ፊቱ እንዳበጠ መጥቶ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ ከዚያም በየልምምዱ ይመጣ ነበር። የክንፍ ተጫዋቻችን በክራንች አጠገቡ ትቆም ነበር። ስንጣበብ ሁለት እጁን ዘርግቶ ያሳየናል፤ እኛም ተበታትነን ሜዳውን እናሰፋለን።

በረዶ መጣል ሲጀምር አገሩ ተመለሰ ተባለ። ያን ዕለት ከአጥሩ ውጭ የክንፍ ተጫዋቻችን ብቻዋን ቆማ ነበር። አዲሷ አሰልጣኝ "ተበተኑ!" እያለች ብትጮህም፣ እኛ ወደ አጥሩ እያየን መሃል ሜዳ ላይ ተጣብበን ቀረን።