ቀጂው ይቅመስ

ከአሰላ የወጣሁ ለት ማታ አባዬ የመጨረሻውን ማር በጥብጦ ብርዝ ቀዳልኝ። እንደ ወጋችን መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። «መርዝ የለበትም፣ ጠጪ ኢንተላኮ፣ ልጄ» አለኝ። ሁለታችንም አልሳቅንም። ቀፎዎቹ ባዶ ነበሩ። ማዶ ያለውን ትልቅ የስንዴ እርሻ ፀረ ተባይ የሚረጨው ሰውዬ «ትንሽ ነው፣ ሰው አይጎዳም» ብሎን ነበር። ንቦቹ ሰው ስላልሆኑ አለቁ፤ የአባዬም ደረት ከዚያ ወዲህ አልዳነም። ከቀፎ ሌላ መተዳደሪያ ስላልነበረን ቂሜን ስንቅ አድርጌ ተሰደድኩ።

ባሕሩን የተሻገርኩት ቤንዚን ቤንዚን የሚል ውሃ እየጠጣሁ ነው፤ ጀልባ ላይ ቀምሶ የሚሰጥ የለም። አሁን ስዊዘርላንድ፣ ተራራ ሥር ነኝ። ዳቧቸው ድንጋይ ነው፤ ብርዱ የበቆጂን ብርድ ያስናፍቃል። የበረዶውን ግግር፣ እነሱ «ግሌቸር» የሚሉትን፣ ለሚያጠኑ ሰዎች የቀለጠውን ውሃ የሚቀዱበትን ጠርሙስ አጥባለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ ስለሆነ ያልገባኝን ሳልጠይቅ አላልፍም። ከፋብሪካና ከመኪና የሚመጣው ጥቀርሻ በረዶው ላይ እያረፈ ያቀልጠዋል፤ በሚሠራው ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ባለ ስምንት እግር ፍጥረታት ይኖራሉ። ድሮ ነፋስ ያመጣው የተባይ መርዝ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ከርሞ፣ ዛሬ ሲቀልጥ ወደ ገላቸው ይገባል።

አከራዬ ሽማግሌ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ወደ ሩቅ አገር የሚላክ ፀረ ተባይ ሲቀምም ነው። እኔን ግን በርበሬዬ በሸተተው ቁጥር «ያ ቀይ ዱቄትዎ ቤቴን መረዘው!» ይለኛል።

ባለፈው እሑድ በብርጭቆ ውሃ ሞልቶ መጣ። «ይጠጡ፤ ቀጥታ ከግሌቸሩ ነው። ከዚህ የጠራ ዓለም ላይ የለም።»

«በአገሬ መጀመሪያ የሚቀምሰው የቀዳው ሰው ነው» አልኩት።

«ለምን?»

«መርዝ እንደሌለበት እንግዳው እንዲያምን።»

ስቆ ብርጭቆውን አነሳ። ያኔ በጠርሙሶቹ ውሃ ውስጥ የተገኘውን ነገርኩት። የመርዙን ስም ስጠራ እጁ አየር ላይ ቀረ፤ የገዛ እጁ ሥራ ነው።

«መጠኑ ምን ያህል ነው?»

«ትንሽ ነው፣ ሰው አይጎዳም» አልኩት። አልዋሸሁም፤ አጥኚዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ብርጭቆውን አስቀመጠ።

ወዲያው አሰላ ደውዬ ነገሩን ተረኩለት። አባዬ እየሳለ «ጠጣ?» አለኝ።

«አልጠጣም፣ አባዬ።»

«እሰይ!» ብሎ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ። ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እነዚያ የነገርሽኝ ባለ ስምንት እግሮችስ?»

«እነሱማ ይጠጡታል።»

«እንደ ንቦቼ በያ።» እንደገና ሳለ። «ነይ እንዳልልሽ፣ ምን እቀዳልሻለሁ?»

አከራዬ ሳይጠጣ የተወውን ብርጭቆ አልደፋሁትም። ጠዋት ጠዋት ቁርሱ ፊት አኖርለታለሁ።