ካብ ውስጥ የደበቅነው ጣሳ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤላ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ጋሽ ደምሴ አርፈው ነው። ከደብረ ብርሃን በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩና እንደ ማንኛውም የሰፈር ልጅ አልቅሼ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው እትዬ ጠጂቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እንግዲህ እሳቸውም ሄዱ። አሁን እንኳ አጥፍቻለሁ ብትዪ ምን አለበት?» አሉኝ። ነገሩ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰው እንዲህም ቂም ይይዛል። የመለስኩላቸውን ከመናገሬ በፊት የሆነውን ላውራ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እዚያው ጎረቤላ አስተምራለሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ። መሪጌታ ቅኔና ዜማ ሲያውቅ፣ ሰዉ ሌላም ነገር ያውቃል ብሎ ይጠረጥራል። አባዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚህ ወሬ ሲሸሹ ነው የኖሩት። ክታብ ይጻፉልን ብሎ የመጣውን ሁሉ «ጠበል ሂዱ» ብለው ይመልሱት ነበር።

የወደድኩት ማስረሻ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ የመንገድ ቀያሽ። ከእጁ የማትለየው፣ ቦታ በቁጥር የምታመለክት ጂፒኤስ ነበረችው። መንገድ ሥራ ላይ አብሮት ከነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ጨዋታ ተማረና ለእኔ አስተማረኝ። አንዱ ጣሳ ይደብቃል፤ የቦታውን ቁጥር ለሌላው ይሰጣል። ሌላው ቁጥሩን መሣሪያው ላይ አስገብቶ ይፈልጋል። ሲያገኝ ውስጡ ያለው ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ትንሽ ዕቃ ወስዶ ትንሽ ዕቃ ይተካል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በትንሽ ከተማ ሻይ ቤት አብሮ መቀመጥ ማለት ለከተማው ሁሉ ማወጅ ነው። እኛ ግን ገደል ለገደል ጣሳ ስንፈላለግ ማንም አያየንም ነበር። ጣርማ በር ላይ ብርዱ ጣቴን አደንዝዞት የጣሳ ክዳን በጥርሴ ከፍቻለሁ። ሁለት ጣሳ ጭላዳ ወስዶብናል። በጥቅምት ገብሱ ሲደርስ መንገዱ ሁሉ ይሸታል፤ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በፌስታል ቋጥሬ ጣሳ ውስጥ እተውለት ነበር። እንደዚያ የጣፈጠኝ ድንች የለም፤ ያውም እሱ በልቶት።

አንድ ቀን በጋሽ ደምሴ ማሳ ዳር፣ ካቡ ውስጥ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ደበቅኩ። ውስጡ ደብተር አልነበረም፤ ደብተሩን ሌላ ጣሳ ውስጥ አድርጌ አዲስ ቦታ ደብቄው ነበር። የሚቀጥለው ጣሳ የሚገኝበት ቁጥር የተጻፈበት ጥቅል ወረቀት፣ የማስረሻ የሸሚዝ ቁልፍና ወረቀቱን ያሰርኩበት ቀይ ክር ብቻ ነው። እትዬ ጠጂቱ ኩበት ሲለቅሙ አይተውኛል። በሳምንቱ ላማቸው ጨነገፈባት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መገመት አይከብድም። ጣሳው ወጣ። ቀይ ክር፣ የወንድ ቁልፍ፣ በረድፍ የተጻፈ ቁጥር። የመሪጌታ ልጅ ድግምት ቀበረች ተባለ። ከማን ተማረችው? ከአባቷ ነዋ! በማግስቱ አባዬ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሰላም የሚሏቸው ሰዎች መንገድ ቀየሩ። አባዬ ቤት ገብተው ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

ሽማግሌዎች መጡና ነገሩን በጓሮ እንጨርሰው አሉ። ጋሽ ደምሴን ይቅርታ ልጠይቅ፣ ላሚቱ ትካስ፣ ወሬው ይቅር። አባዬም፣ «ልጄ፣ ይቅርታ በይና ይለፍ» አሉኝ። ማስረሻ ይባስ ብሎ፣ «ላሚቱን እኔ እክሳለሁ፤ አንድ ቃል ናት፣ በያት» አለኝ።

«አንድ ቃል ናት? ይቅርታ ካልኩ እኮ ቀብሬያለሁ ማለት ነው» አልኩት። «አባቴ ከነገ ጀምሮ በምን አፋቸው ነው ማኅሌት የሚቆሙት?»

«ካላልሽ ደግሞ ደብተሩን ማሳየት ልትገደጂ ነው። ይነበባል። የጻፍነውን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ ያደርኩት እሱን እያሰብኩ ነው። ድግምተኛ መባል ወይስ ከወንድ ጋር የምትዞር መባል፤ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። «ይነበብ» አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ይቅርታዬን ሊሰሙ ነው የመጡት። እኔ ግን ጂፒኤሷን ከማስረሻ ተቀብዬ፣ ከወረቀቱ ላይ ቁጥሩን አስገባሁና ለጋሽ ደምሴ ሰጠኋቸው። «ይህ የቦታ ቁጥር ነው። ቀስቷን ተከትለው ይሂዱ፤ ድግምት ከሆነ እርስዎው ያግኙት» አልኳቸው።

መጀመሪያ እጃቸውን ሰበሰቡ። ኋላ ግን ያዟት። ሁላችንም ተከትለን በቁልቁለቱ ወረድን። ርቀቷ እየቀነሰች ስትመጣ ጋሽ ደምሴ ቁጣቸውን ረስተው፣ «መቶ ቀረ… ሠላሳ ቀረ» ማለት ጀመሩ። ከአንድ ቋጥኝ ሥር ጎንበስ ብለው ሁለተኛውን ጣሳ ራሳቸው አወጡ። ሎተሪ የደረሰው ሰው ይመስሉ ነበር።

ደብተሩን ተቀብዬ ቆሜ አነበብኩ። ማስረሻ፦ «ጭጋግ ነበር። ስፈልግ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ድንቹን በልቻለሁ።» እኔ፦ «አባዬ ማኅሌት ቆመው ነው የወጣሁት። ለብቻ መፈለግ ሰለቸኝ፤ በሚመጣው ሳምንት አብረን እንምጣ።» ከዚያ የመጨረሻው፦ «አብረን መጣን። ዝናብ ያዘን። እስኪያባራ ዋሻው ውስጥ ተቃቅፈን ተቀመጥን። ባያባራ ደስ ይለን ነበር።»

ይህቺን መዝለል እችል ነበር። አልዘለልኳትም። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ እሱን አልክድም። ግን እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይሄ ድግምት አይደለም፤ ይሄ ሌላ በሽታ ነው» አሉ። የሳቀም ነበር። ጋሽ ደምሴ፣ «ላሜስ ታዲያ ምን ነካት?» አሉ።

ስንመለስ አባዬ ከፊት ከፊት ሄዱ። በራችን ላይ ሲደርሱ፣ ዞር ሳይሉ፣ «ድግምት ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። አመመኝ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

«እኔን ግን አይሻለኝም አባዬ» አልኳቸው።

እስከ ፋሲካ አላናገሩኝም። ማስረሻ ሽማግሌ ሲልክ ግን እምቢ አላሉም። «ምን እንጠይቃለን፣ ሁሉንም አንብባልናለች» ብለው መረቁን። መንገድ ቀይረውባቸው የነበሩት ሰዎች ሰላምታቸውን መለሱ። አባዬ እስኪያርፉ ድረስ ማኅሌት ሲቆሙ ከኋላቸው የሚያንሾካሹክ አልነበረም። በእኔ ላይ ግን አንሾካሹከዋል፤ ይበላቸው፣ ያንሾካሹኩ።

አባቴን ከውርደት የማድንበት መንገድ አልነበረኝም። ይቅርታ ብል ድግምተኛ ይባላሉ፤ ባነብ ልጃቸውን አልቀጡም ይባላሉ። በውሸት ከማዋርዳቸው በእውነት አዋረድኳቸው። ያን ቀን ቢደገም ያንኑ አደርጋለሁ፤ ዋሻውንም ጭምር።

ለእትዬ ጠጂቱም ድንኳኑ ውስጥ እጃቸውን ይዤ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ለላሚቱም ያኔ አዝኛለሁ። አጥፍቻለሁ ግን ለአባቴም አላልኩም።»