የአቦይ ደበሳይ ቀኝ ጫማ

ነርስ ትብለጽ ወረቀቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስታያቸው በራሷ ተናደደች። የስኳር በሽተኞች እቤታቸው እንዴት እንደሚውሉ አጥንታ እንድትመለስ ሆስፒታሉ የላካት በመስከረም ነበር፤ ይኸው ኅዳር ገባ። ከአዲስ አበባ በአማርኛ ታትሞ የመጣውን ቅጽ ወደ ትግርኛ እየመለሰች አሥራ ዘጠኝ ሰው ጠየቀች። አሥራ ዘጠኙም "ተመስገን፣ ደኅና ነኝ" አሏት። አንዷ፣ የእዳጋ ሓሙሷ ለተሰንበት፣ ይህን ባለች በሳምንቷ እግሯ ተቆረጠ።

"እንዴት ነዎት የተባለ ሰው ታዲያ ምን ይበል?" አለች ትብለጽ ለራሷ። "እናቴም ብትሆን ሌላ አትል።"

ስለዚህ ሃያኛው ሰው ጋ ስትሄድ ጥያቄውን ለወጠችው። ሰውየው መደበር በተባለው የብረት ቀጥቃጮች ገበያ ውስጥ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ የሚሠሩት አቦይ ደበሳይ ናቸው።

"መጣሽ፣ ሲስተር ወረቀት!" አሉ መዶሻቸውን ሳያስቀምጡ። "ጻፊ፤ ደኅና ነኝ፣ ምንም አያመኝም። አለቀ። ሻሂሽን ጠጪና ሂጂ።"

"ዛሬስ ደኅንነትዎን አልጠይቅም። ዓምና ያደርጉት የነበረ፣ ዘንድሮ የተዉት ነገር ምንድን ነው?"

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። "ምንም አልተውኩም።"

ምሳ ይዘውላቸው የመጡት ባለቤታቸው ኣብርሄት ሳቁ። "ምንም? ከቤታችን ከጎዳይፍ እዚህ ድረስ በእግሩ ይመጣ የነበረ ሰው ዛሬ ፌርማታ ላይ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል። ጫማው ጠበበኝ ይላል። አምስት ዓመት ያደረገው ጫማ!"

"አንቺ ሴትዮ፣ ማን ጠየቀሽ?"

ትብለጽ እርሳሷን ኪሷ ከተተች። "ጫማዎን ያውልቁልኝ፣ አቦይ።"

"በሰው ፊት? ለልጄ እኩያ? ነውር ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ።"

እሷ ግን ነጭ ልብሷን ሳትሰበስብ የብረት ፍቅፋቂው ላይ ተንበረከከች። የጎረቤቶቹ መዶሻ አንድ በአንድ ጸጥ አለ። ሽማግሌው ሊያስነሷት ክንዷን ያዙ፤ ኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቀኝ እግራቸውን ሰጧት።

ካልሲው በደረቀ ደም ተጣብቋል። የቆርቆሮ ስባሪ ሶሉን በስቶ ገብቶ፣ ቁስሉ ዳርዳሩ ጠቁሯል። አጠገቡ በጣቷ ጫን አለች።

"ይሰማዎታል?"

"ምኑ?"

ኣብርሄት አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አቦይ ደበሳይ የሚስታቸውን ፊት አይተው ጎንበስ አሉና ቁስሉን አዩት። ድምፃቸው ቀነሰ። "ይቆርጡታል?"

"አሁኑኑ ከሄድን ሊተርፍ ይችላል።"

"ምድጃውን ያዘዘ ሰው ይጠብቀኛል እኮ..."

"ይጠብቅ!" አሉ ኣብርሄት።

ሁለት ጣት ሄደ፤ እግሩ ተረፈ። ትብለጽም አሥራ ዘጠኙን ሰዎች እንደ አዲስ ዞረቻቸው። ዓይኗ ደክሞ ስፌት የተወች ተገኘች፤ ደረጃ እየፈራ ቤተ ክርስቲያን የቀረም ተገኘ። ወረቀቱ አሁን ሰው ሰው ሸተተ።

ከፋሲካ በኋላ መደበር ብቅ ስትል አቦይ ደበሳይ ሥራቸው ላይ ናቸው።

"እንዴት ነዎት?" አለች፤ ልማድ ሆኖባት።

"ተመስገን፣ ደኅ..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ሣጥን ስበው ተቀመጡ፤ የጫማቸውን ማሰሪያ ይፈቱ ጀመር።

"ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ እንየው።"