በግድግዳው ቀዳዳ የገባው

ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ከ«እማ» እና ከ«እንቢ» በቀር ቃል አልነበራትም። የባለቤቴ እናት ዓይን ዓይኗን እያዩ፣ «ይቺ ልጅ ሁሉን ታያለች፤ ምንም አትናገርም። ደግ አይደለም» ይሉ ነበር።

የምንኖረው ከመሐል ሜዳ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የመንዝ መንደር ነው። ባለቤቴ ከተማው ትምህርት ቤት ስለሚያስተምር ቤት የሚገባው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ከእኔና ከአማቴ ጋር የምትውለው ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ስለምትል «እትዬ» የምላት ሴት። ቅርጫቷን ይዛ ትመጣና አብረን የበግ ጠጉር ስንፈትል እንውላለን።

በዚያ ክረምት ዕቃ ይጠፋብን ጀመር። መጀመሪያ ስፌት የምሰፋበት ወስፌ፣ ቀጥሎ የሳጥኑ ቁልፍ፣ ከዚያ የአማቴ መቁጠሪያ ጠፋ። ያን ዕለት አማቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከእኛ ሌላ እዚህ ቤት የሚገባ ማነው?» አሉኝ።

«እትዬ ብቻ ናት።»

«እንግዲያ ዓይንሽን ጣል አድርጊባት።»

ጣልኩ። ስትነሳ እጇን አያለሁ፤ ነጠላዋን ስታጣፋ ጫፉ ከብዶ እንደሆን እመለከታለሁ። እሷም የእኔን እጅ የምታይ ይመስለኝ ጀመር። አንድ ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም አልመጣችም።

«አየሽ? ብታፍር ነው» አሉ አማቴ።

ሐሙስ ዕለት ግን የእኔ እንዝርት ጠፋ። ቤታችን ማንም አልገባም። ለአፍታ አማቴን ራሳቸውን ጠረጠርኩ፤ አፍሬ ተውኩትና ልጄን ስጠብቅ ዋልኩ።

ከመደቡ በላይ ምርጊቱ ረግፎ በሁለት ድንጋዮች መካከል ቀዳዳ ነበር። ልጄ የበግ ቁርጭምጭሚት አጥንት ይዛ ቀዳዳው ላይ ገፋችው፤ አልገባም። አዞረችው፤ እንቢ አለ። ሌላ ልጅ ቢሆን አልቅሶ ይወረውረው ነበር። እሷ ቀስ ብላ አስቀመጠችውና የገብስ አገዳ አንስታ ከተተች። ጆሮዋን ለጥፋ አዳመጠች፤ አገዳ ድምፅ የለውም፣ ቅር አላት። ጠጠር ፈልጋ ጣለች። ውስጥ ኳ ሲል ሳቀች።

ዘወር ስትል እያየኋት ነው። ወዲያው ጀርባዋን ለቀዳዳው ሰጥታ ተቀመጠችና የእግሯን ጣቶች ትነካካ ጀመር። ደነገጥኩ። ሁለት ቃል ብቻ ያላት ልጅ እንደተጠረጠረች ገብቷታል!

አማቴን ጠርቼ ድንጋዩን ፈነቀልነው። የጠፋብን ሁሉ እዚያ ነበር። ከሥር ግን የእኛ ያልሆነ ነገር አገኘን፤ ጎረቤታችን ከማተቧ ጋር የምታስራት የብር የጆሮ ኩክ ማውጫ።

ይዤላት ሄድኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች።

«ደግሞ ምን ጠፋ?» አለችኝ።

እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ማውጫዋን ከእጄ አንስታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገቻት።

«አንቺ የወሰድሽብኝ መስሎኝ ነበር» አለች። «የባሌ ማስታወሻ ናት። ለዚህ ነው የቀረሁት።»

«እኔም አንቺን ነበር የጠረጠርኩት፣ እትዬ። ይቅር በይኝ። ልጄ ናት፤ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ስትከት አገኘኋት።»

አላመነችኝም። በማግስቱ ልትፈትናት መጥታ፣ ድንጋዩን መልሰን በገጠምንበት ቀዳዳ ሥር ጠጠር ለልጄ ሰጠቻትና አጠገቧ ቁጭ አለች። ልጄ ጠጠሩን በእጇ አገላበጠች፤ የሴትዮዋን ፊት አየች፤ የእኔን አየች። ከዚያ ቀዳዳውን ትታ መልሳ እዚያው ሴትዮዋ መዳፍ ላይ አኖረችላት።

ጎረቤቴ ወደ እኔ ቀና ብላ፣ «ልጅሽ ናት አልሽኝ?» አለች።

ቅርጫቷን ይዛ መምጣቱን ቀጠለች። ሁለት ዓመት ያህል ግን የምትቀመጠው ከእኔ ራቅ ብላ ከበሩ አጠገብ ነበር።