የቀይ ቀለም ክር

ዛሬ ጠዋት ልጄ የኩሽናውን ቧንቧ ቀስ አድርጋ ከፈተችው። ውሃው እንደ መስታወት ዘንግ ጠርቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። ጨመር ስታደርገው ነጭ ሆኖ ተንጫጫ። የልጅነቴ ጓሮ ትዝ አለኝ።

ያኔ ጣና ዳር ነበር የምንኖረው። የኮሌጅ አስተማሪው አባቴ፣ ከበርሜል ውሃ በምትስብ ቱቦ ውስጥ ቀይ ቀለም ጠብ አደረገልኝ። ቱቦዋ ውስጧን ታሳያለች። ውሃው በዝግታ ሲሄድ ቀለሙ ቀጭን ክር ሆኖ ከጫፍ ጫፍ ተዘረጋ።

ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል የምትውለው እናቴ ከሥራ ገባች።

«እንዴ! ውሃ በጠፋበት ቀን የወጥ ውሃዬን ትጫወቱበታላችሁ?» ብላ ጮኸች። ወዲያው ክሩን አየችና ጠጋ አለች።

አባቴ የቱቦዋን መክፈቻ ለቀቅ ሲያደርገው ውሃው ፈጠነ። ክሩ ተንቀጠቀጠ፣ ተወላገደ፣ ከዚያ ቱቦዋ ሁሉ ቀላ።

«ተበጠሰ!» አለች እናቴ፤ ልትቀጥለው ሁለት ጣቶቿን ወደ ቱቦዋ ሰደደች።

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

«ሳቁ! ይኼ ጣት የተበጠሰ አይቶ ማለፍ አያውቅም» አለች፣ ራሷም እየሳቀች።

እኔ የፋብሪካ ደጅ ረግጬ አላውቅም። ዛሬ ግን የአያቷን ታሪክ የምታውቀው ልጄ ከሚንጫጫው ቧንቧ ቀና ብላ የማፍተለትላቸውን ጣቶቼን አየችና፣

«እማዬ፣ ምን እየቀጠልሽ ነው?» አለችኝ።