ለሲኞራ ኤስቴር ያልነገርኳቸው

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ወጣ ካለችው ሰፈራችን ወደ መተማ የሚሄደው አውቶቡስ ማለዳ ስለሚነሳ፣ እቤት ውስጥ ማንም እንቅልፍ አልወሰደውም። እናቴ ዳቦ ቆሎ ትቋጥራለች። ታናሽ እህቴ ሙሉ፣ አንዱን ጫማዬን ደብቃ "ባንድ እግሯ አትሄድም" ትላለች። አባቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ዝናቡ ብቻ ያወራል። መሄዴን በስሙ የጠራው አንድም ሰው አልነበረም። ሲነጋ አባቴ ጓዜን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝና፣ "ትርንጎ፣ ደግም ቢሆን ክፉም ቢሆን ንገሪን" አለኝ። "እሺ አባዬ" አልኩት።

ምኑን ነገርኳቸው! ትሪፖሊ መጋዘን ውስጥ ታጉረን፣ ስልክ ባገኘሁባት አንዲት ደቂቃ "ማረፊያ ይዣለሁ፣ ሰፊ ነው" አልኩ። ባሕሩን በምን እንደተሻገርኩ እናቴ ሳታውቅ ነው የኖረችው፤ "በመርከብ ነው፣ ምግብም ይሰጣሉ" ብያት ነበር። እቤት ያላችሁ፣ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ "ደህና ነኝ" ስንላችሁ እናንተም "እኛም ደህና ነን" ስትሉን እንዲሁ እየተሸነጋገልን ስንት ዘመን ኖርን። እኔ ይህ ፍቅር ነው ብዬ ነው ያደግኩት። አሁንም ፍቅር አይደለም አልልም።

ሮም ስደርስ ኅዳር ነበር። የዚህ አገር ዝናብ እንደኛ ክረምት ወርዶ፣ ወርዶ፣ ተገላግሎ ፀሐይ የሚያወጣ አይደለም። ቀኑን ሙሉ እንዳኮረፈ ሰው ያለቃቅሳል። ስደተኛው በሚኖርበት፣ ሰላም ፓላስ በሚባለው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ አንዲት የአስመራ ልጅ ፍራሿን አጋራችኝ። ሳሌ ሰው አላስተኛ ሲል "ተነሽ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ወረቀት የማይጠይቅ ሐኪም አለ" ብላ ጎትታ ወሰደችኝ።

ዶቶር ሌዮኔን ያየኋቸው እዚያ ነው። አጭር፣ ጆሯቸው ትልልቅ፣ ከካፖርታቸው ኪስ ጥቁር ከረሜላ የማይጠፋ ሽማግሌ። አይሁዳዊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በወንዙ ዳር ባለው የአይሁድ ሰፈር ሲያክሙ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ማክሰኞን ለእኛ ሰጡ። ደረቴን አዳምጠው ሲጨርሱ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፉና ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ። "ብሮንኪቴ ይባላል። ያንቺ ነው፤ ስሙን እወቂው።" ለሁሉም እንዲሁ ነበሩ። ቀላልም ይሁን ከባድ፣ የበሽታውን ስም ሳይጽፉ ሰው አያሰናብቱም።

"ያንቺስ ስም?"

"ትርንጎ።"

"ምን ማለት ነው?"

ጣልያንኛዬ አልደረሰም። በወረቀቱ ጀርባ ፍሬውን ሣልኩላቸው። ዶቶሬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ቼድሮ! በመጸው በዓላችን በእጃችን ይዘን የምንጸልየው ፍሬ እኮ ነው! በየዓመቱ ጥሩዋን ፍለጋ ገበያ ለገበያ እንዞራለን፤ ዛሬ በእግሯ መጣች!" ብለው ከረሜላ ሰጡኝ። ባሕር ከተሻገርኩ ወዲህ በስሜ የተደሰተ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ሲወጣ ክፍል ፍለጋ ጀመርኩ። ያንን መከራ ሮም የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ በስልክ "አለ" የተባለ ክፍል ፊታችንን ሲያይ "ተያዘ" ይሆናል። ፒኜቶ የሚባል ሰፈር ያለችው አከራይ ግን እምቢም እሺም አትል።

"ምግብ ታበስያለሽ?" አለችኝ።

"ሰው አይደለሁ፣ ሲኞራ?"

"ቅመማችሁ ግድግዳ ውስጥ ይገባል አሉ። ሳትጠብሺ መኖር አትችይም?"

"እችላለሁ። መተንፈስስ ይፈቀዳል?"

"በመስኮት በኩል ከሆነ" አለች፣ ሳትስቅ።

ይህን ለዶቶሬ ስነግራቸው ኮፍያቸውን አነሱና አብረን ሄድን። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ስታያቸው እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። ለካ በልጅነቷ ያከሟት ኖሯል።

"አሁንም ጥፍርሽን ትበያለሽ?"

"ትቻለሁ፣ ዶቶሬ።"

"እስኪ አሳዪኝ።"

አላሳየችም። ቁልፉን ግን ሰጠችኝ።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ስለነበሩ፣ ቤታቸውን እንድይዝላቸው የጠየቁኝ በዚያው ሰሞን ነው። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ለሥጋ የተለየ ቢላ፣ ለወተት የተለየ ቢላ አለ። እንዴት አድርገው እንደሚያስረዱኝ ሲጨነቁ "ዶቶሬ፣ እናቴም የጾምና የፍስክ ቢላዋ ለየብቻ ነው" አልኳቸው። "አሎራ፣ ሥራውን ተምረሽ ነው የመጣሽው" አሉ። ረቡዕና ዓርብ ስጾም "አንቺ እያየሽ አልበላም" ብለው አይቡን ራሳቸው ወደ ማቀዝቀዣው ይመልሱታል። ካርቾፊ የሚሉትን እሾሃም አትክልት እንደ አበባ እስኪፈነዳ በዘይት ሲጠብሱልኝ፣ ጫፉ ጥርስ ላይ ሲንኮሻኮሽ የእናቴ ዳቦ ቆሎ ትዝ ብሎኝ ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግኩ። "በዛ ጨው?" አሉኝ።

መንገድ አብረን ከወጣን ግማሽ ቀናችን ያልቃል። ከየሱቁ "አ ዶቶ!" ይሏቸዋል። ዓሣ ሻጩ ምላሱን አውጥቶ ያሳያቸዋል። አንዲት አሮጊት ከሦስተኛ ፎቅ ሆነው ስለ ሆድ ድርቀታቸው ይዘረዝራሉ፣ ሰፈሩ በሙሉ እየሰማ። ዶቶሬም ከታች ሆነው "ፕሪም ይብሉ!" ይላሉ። የምትስቅ ትኖር እንደሆነ እንጃ፣ የምታፍር ነፍስ ግን አልነበረችም።

ከዚያ የአባቴ ነገር መጣ። አባቴ ከሞተ ከስምንት ወር በኋላ ነው የተረዳሁት። ስደውል "አባዬን ስጪኝ" እላለሁ። እናቴ "ቤተ ክርስቲያን ሄዷል" ትላለች። ስምንት ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን! አንድ እሁድ ማለዳ የአገሬ ሰዎች ጥቁር ለብሰው የፒኜቶ ቤቴን ደረጃ ሲወጡ አየሁና፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ዶቶሬ ሊያጽናኑኝ መጥተው ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ።

"ስምንት ወር?"

"ሲወዱኝ ነው፣ ዶቶሬ። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። ሰው በሰው መሃል ሆኖ ነው የሚረዳው። በሰው አገር ብቻዬን እንዳልወድቅ ብለው ነው።"

ከዚያ የራሳቸውን ነገሩኝ። በጦርነቱ ጊዜ፣ አይሁዶች ከሮም እየታፈሱ ሲወሰዱ፣ እሳቸውንና ታናሽ እህታቸውን ኤስቴርን መነኮሳት ደበቋቸው። ልጆች ነበሩ። አባታቸው ተወሰደ። መነኮሳቱ ለልጆቹ "አባታችሁ መንገድ ሄዷል" አሏቸው።

"ደጎች ነበሩ" አሉኝ ዶቶሬ። "በነሱ ነው የተረፍነው። ኤስቴር ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ጫማዋን ታደርግ ነበር። ጦርነቱ አልቆም ታደርግ ነበር። ይኸው አሮጊት ሆናለች፤ ዛሬም በር ሲንኳኳ ቀድማ የምትነሳው እሷ ናት።"

ሲኞራ ኤስቴር የሚኖሩት ሃይፋ ነው። ሁለቱ ሳያወሩ የሚያልፍ ዓርብ አልነበረም። ዶቶሬ እጄን ያዙ። "ትርንጎ፣ አንድ ቀን መናገር ካቃተኝ ለኤስቴር አንቺ ንገሪያት። በግልጽ። እኛ ቀብር አናዘገይም፤ ካልቸኮለች አትደርስብኝም።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"ስሙን ጠርተሽ።"

"ስሙን ጠርቼ፣ ዶቶሬ። ቫ ቤኔ፣ እሺ።"

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት አብረን ቆየን፤ በመጨረሻው ዓመት ክፍሌን ለቅቄ እሳቸው ዘንድ ገባሁ። አንድ ረቡዕ ጠዋት ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ ግማሽ ፊታቸው ወርዷል፤ አንደበታቸውም ተዘግቷል። ድሮ ያስተማሩት ወጣት ሐኪም መጥቶ አይቷቸው "ከሁለት ቀን አያልፉም፤ ለቤተሰብ ንገሪ" ብሎኝ ሄደ። ወደ ሃይፋ ደወልኩ። ሲኞራ ኤስቴር ደስ ብሏቸው "ትርንጎ! እንዴት ነው ሌዮ?" አሉኝ። 

"ትንሽ ደክመዋል፣ ሲኞራ። ቢመጡ ደስ ይላቸዋል።"

ሐሙስ ጠዋት ዶቶሬ አረፉ። እጃቸው እጄ ውስጥ ነበር። ዓይናቸውን ከደንኩና እንደገና ደወልኩ። አሁን እንኳ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ በእመቤታችን ስም እላችኋለሁ፣ ልናገር ነበር። ግን ሴትዮዋ ብቻቸውን ናቸው። ቢወድቁ ማን ያነሳቸዋል? ቀድሞ ጎረቤታቸውን ማን ሰብስቦ ይላክ? እኔ ሃይፋ ማንን አውቃለሁ?

"ሲኞራ፣ ዶቶሬን ትንሽ ጠንከር ብሎባቸዋል። ቶሎ ቢመጡ።"

"ይናገራል?"

"አይናገሩም።"

"ተኝቷል?"

"ተኝተዋል።"

"በይ ይረፍ፣ አትቀስቅሺው። ነገ ማታ ሰንበት ነው፤ እሁድ በመጀመሪያው አውሮፕላን እመጣለሁ።"

በእኛ አገር እኮ "ትንሽ አሞታል፣ ነይ" የተባለች ሴት ሌላ አትጠይቅም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የምትነሳው። ሲኞራ ኤስቴርም ገብቷቸዋል፣ ጥንካሬያቸው ነው እንጂ ብዬ አሰብኩ። ጠንካራ ሴት ናቸው ብዬም አደነቅኩ! ቀብር የሚያስፈጽሙት ሰዎች መጥተው "ለእህቱ ተነግሯል?" ሲሉኝ፣ "አዎ፣ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሁድ ይመጣሉ" አልኩ። እውነት መስሎኝ ነው ያልኩት። ሰዎቹ ተያዩ። "እንግዲህ አትደርስም" ተባባሉ።

ዓርብ ከሰንበቱ በፊት ቀበርናቸው። ዓሣ ሻጩ ሱቁን ዘግቶ መጣ። የማክሰኞዎቹ ሰዎች መጡ፤ አንድ የባንግላዲሽ ሰው፣ የአስመራዋ ልጅ፣ ስማቸውን የማላውቃቸው። አከራዬ የነበረችው ሴትዮ ጥፍሯን እየነከሰች ታለቅሳለች። ከየኪሱ፣ ከየቦርሳው የታጠፈ ወረቀት ሲወጣ አየሁ፤ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ። እኔም የኔን ይዤ ነበር። ሁላችንም በየተራ አፈር አለበስናቸው፤ የእህታቸው እጅ ብቻ ጎደለ።

እሁድ ከቀትር በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሲኞራ ኤስቴር ሊፍቱን ሳይጠብቁ ደረጃውን ወጥተው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው አዲስ ፒጃማ የያዘ ከረጢት። "ሌዮ! መጣሁ!" ብለው አልፈውኝ ገቡ። ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች ተነሱ። መስታወቱ እንደ አይሁድ የለቅሶ ደንብ በጨርቅ ተሸፍኗል። ሲኞራ ኤስቴር መስታወቱን አዩት፣ ሰዉን አዩት፣ ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"መቼ?"

"ሐሙስ ጠዋት።"

"ስደውልልሽ... ስትደውይልኝ ሞቶ ነበር?"

ራሴን ነቀነቅኩ።

አልጮኹም። ፒጃማውን ወንበር ላይ አስቀመጡና በጣም ቀስ ብለው "አንኬ ቱ፣ ትርንጎ?" አሉኝ። አንቺም? ማለታቸው ነው።

በዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጠው የለቅሶውን ቀናት ፈጸሙ። ሻይ ስሰጣቸው ይቀበሉኛል፣ ያመሰግኑኛል። ሊሄዱ ሲሉ የዶቶሬን ኮፍያ ሰጡኝና እጄን ጨበጡ፤ አልሳሙኝም። ለማስረዳት ጣልያንኛው አላነሰኝም፤ በዚያን ጊዜ ደህና አድርጌ እችል ነበር። ግን ምን ልበላቸው? ወድጄዎት ነው ልበል? መነኮሳቱም ወደዋቸው ነበር። ዓርብ ዓርብ፣ ሁለቱ ያወሩ በነበረበት ሰዓት፣ ስልኬን አነሳና ቁጥራቸውን እያየሁ እቀመጣለሁ። እስከ ዛሬ አልደወልኩም።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ለእህቴ ለሙሉ ነገርኳት። "ታዲያ ምን አጠፋሽ? እኔም እንዲሁ ነበር የማደርግ" አለችኝ። እያለቀስኩ እንደሆነ ግን ሰማች።

ባለፈው ጥቅምት ትራም ላይ ሆኜ ወደ ሥራ ስሄድ ሙሉ ደወለች። "ብቻሽን ነሽ?" አለችኝ። ብቻዬን ነኝ አልኳት። "እማዬ ዛሬ ንጋት ላይ ሞተች። ልቧ ነው። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው" አለችኝ። አክስቶቼ ከኋላዋ "ምን ነካሽ፣ አንቺ ጨካኝ! በስልክ?" እያሉ ሲጮኹባት እሰማለሁ።  ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሳ ደወለችና፣ ስልኩን ሳትዘጋ ከጉድጓዱ አጠገብ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው።