የክርስትና ስሟ

ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ሚስቴን ወደ ደሴ የወሰዳት አምቡላንስ ከመካነ ሰላም የወጣው ገና ሲነጋ ነበር። እናቷ አብረዋት ሄዱ፤ እኔ ከልጆቻችን ጋር ቀረሁ። መቀመጥ አቃተኝ። የአማቴ ስልክ ዝግ ነው። እደውላለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ መልሼ አነሣለሁ። በመጨረሻ ልጆቹን ለጎረቤት ትቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገሰገስኩ።

ቄሱን ደጀ ሰላሙ ላይ አገኘኋቸው። በጥድፊያ የነገርኳቸውን ሁሉ ረጋ ብለው ሰሙና፣

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉኝ።

ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖረናል። የጫማ ቁጥሯን አውቃለሁ። የደም ዓይነቷን እንኳ ጧት ከወረቀት ላይ አንብቤያለሁ። «ወለተ… ወለተ…» እያልኩ እንዳላጠና ተማሪ ጣራ ጣራ አየሁ።

«በዓለም ስሟ ቢጠሯትስ፣ አባቴ? እግዚአብሔር እንደሆነ ያውቃታል።»

«እሱማ ያውቃታል። ያላወቅኻት አንተ ነህ» አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

ተናደድኩ። ሰው በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ ስም ይጠየቃል? የንስሐ አባታችን ካረፉ ወዲህ ዛሬ ነገ እያልኩ ሌላ እንዳንይዝ ያዘገየሁት እኔው መሆኔ ትዝ ሲለኝ ግን ንዴቱ ወደ ራሴ ዞረ።

የክርስትና እናቷ የሚኖሩት ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ወጣ ብሎ ነው። ግማሹን ሮጥኩት። መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝን ሁሉ በአንድ ቃል እያለፍኩ ሄድኩ፤ በእኛ አገር ይህ ነውር ነው።

አሮጊቷ ደጃቸው ላይ ባቄላ ይፈለፍላሉ። ነገሩን ስነግራቸው ዱካ ሳቡልኝ።

«አብሽር ልጄ፣ ተቀመጥ።»

«መቀመጥ አልችልም እማማ። ስሟን ብቻ ይንገሩኝ።»

ነገሩኝ። እንዳይጠፋብኝ በአፌ እየደጋገምኩ ዞር ስል ከኋላዬ ጠሩኝ። የጠሩኝ እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም አንሥቶት በማያውቀው በክርስትና ስሜ ነው።

«ከየት አወቁት?»

«እሷ ናት የነገረችኝ። ከተጋባችሁ ጀምሮ ጧት ጧት ስጸልይ ያንተንም አብሬ ነው የማነሣ። ‹እሱ ችኩል ነው፣ ለራሱ አይጸልይም፣ እርስዎ ያንሡልኝ› ብላኝ።»

ያኔ ተቀመጥኩ። ጧቱን ሙሉ «አድናት» ስል የነበረው ጉዳዩን ቶሎ ጨርሶ ለመሄድ እንደሚጣደፍ ባለጉዳይ ነበር። አፈርኩ። አሮጊቷ ባቄላቸውን መፈልፈል ቀጠሉ።

ተመልሼ ስሟን ለቄሱ ሰጠሁ። ሲጸልዩላት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ልቤ ግን አልረጋም፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ስልኩን እንደጨበጠ ነው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም አማቴ ደወሉ። «አብሽር፣ ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጥታለች» ብለው ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጉላት። ትንፋሿ ይሰማኛል። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ በዚያ ስም ጠራኋት።



«ጠየቅህ ማለት ነው» አለችኝ።